ከራስና አንገት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚሰጥ የክትትል አገልግሎት፦ የአንድ ታካሚ ግምገማ

የጉሮሮ ካንሰር ሕክምናዬን በጨረርና ሲስፕላቲን በተባለው መድኃኒት ከጨረስኩ በኋላ፣ ክትትሌን የማደርገው ለራስና አንገት ካንሰር ታካሚዎች ተብሎ በተለየ ክሊኒክ ነው። ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱን መፈተሽ ከማንኛውም የክትትል ክፍል የሚጠበቅ ስለሆነ፣ አገልግሎቱን በዚያ ብቻ አልመዝነውም። ከሕመሙ የተረፈው ሰው እንዴት እንደሚበላ፣ እንደሚናገር፣ እንደሚተኛና ከሰው ጋር እንደሚውል መጠየቁን፣ ለሚሰጠውም መልስ አንድ ነገር ማድረጉን እመለከታለሁ። በዚህ መለኪያ ክሊኒኩ ምስጋና ይገባዋል፤ በሁለት ጉዳዮች ግን አዝኜበታለሁ።

በሽታው ከተመለሰ በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ውስጥ በመሆኑ፣ ቀጠሮዎቹ መጀመሪያ ላይ ይቀራረባሉ፤ በ1ኛው ዓመት በየ1 እስከ 3 ወር፣ በ2ኛው ዓመት በየ2 እስከ 6 ወር፣ ከዚያም እየተራራቁ ሄደው ከ5 ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ይሆናሉ። ሐኪሙ አንገትን ይዳስሳሉ፣ አፍን በሚገባ ያያሉ፣ በአፍንጫ በኩል በሚገባ ቀጭን ካሜራም ጉሮሮን ይመረምራሉ። እያንዳንዱን እርምጃ አስቀድመው ስለሚነግሩ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ወደ ሐኪሙ ከመግባታችን በፊት የምንሞላውን መጠይቅ ነው። ስለ ምራቅ፣ ስለ ጣዕም፣ ስለ መዋጥ፣ ስለ አፍ መከፈት፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ትከሻ ሕመም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ስሜት ይጠይቃል፤ በሰው ፊት መብላት ያሳፍርህ እንደሆነ እንኳ ይጠይቃል። ሐኪሙ ፊት የተቀመጠ ሰው «ካንሰሩ የለም» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ስለ ሌላው ችግሩ መናገር ምስጋና ቢስነት መስሎ ይታየውና «ደህና ነኝ» ብሎ ይወጣል። መጠይቁ ይህን ዝምታ ይሰብራል፤ ሐኪሙም ወረቀቱን አንብበው የሚጀምሩት ከሁሉ ይበልጥ ከከበደን ነገር ነው።

የመዋጥ ችግርን በተመለከተ አገልግሎቱ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ጨረር ያገኛቸው የጉሮሮ ጡንቻዎች ሕክምናው ካለቀ ከዓመታት በኋላም እየደረቁና እየደደሩ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ምግብ ወይም ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሲገባም ሰውየው ላያስል፣ ምንም ላይሰማው ይችላል። በክሊኒኩ ያሉት የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ ስለዚህ «ትንታ አለብህ ወይ» ብለው ብቻ አያልፉም፤ ሲዋጥ በራጅ የሚታይበትን ምርመራ ያዛሉ፣ ምግቡ ምን ያህል ልል ወይም ወፍራም መሆን እንዳለበት ይወስናሉ፣ ልምምዶቹንም አጠገባቸው ሆነን እስክንችላቸው ድረስ ያሠሩናል። ልምምዱን ያቋረጠ ታካሚ አይገሠጽም፤ ለምን እንዳቋረጠ ይጠየቃል። ሕመም ከሆነ ማስታገሻው፣ ድካም ከሆነ ሰዓቱ ይስተካከላል።

የአፍ መከፈትም በየቀጠሮው በማስመሪያ ይለካል፤ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት 35 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የመንጋጋ ማፍታቻ ልምምድ ይጀመራል። አንገት ላይ ጨረር የወሰደ ሰው የታይሮይድ ዕጢው ቀስ በቀስ ሊዳከም ስለሚችል፣ የዕጢውን ሥራ የሚያሳየው የቲኤስኤች የደም ምርመራ በየ6 እስከ 12 ወር ሳንጠይቅ ይታዘዛል። ድካምንና ብርድ ብርድ ማለትን የካንሰሩ ጠባሳ ነው ብሎ ተሸክሞ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ የጥርስ ሕክምናውን ይመለከታል። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ በፍጥነት ይበሰብሳል፤ ጨረር ባገኘው መንጋጋ ላይ ያለ ጥርስ ሲነቀል ደግሞ አጥንቱ ሳይድን ቀርቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የጥርስ ሐኪሙ ጨረሩ የት አካባቢና በምን ያህል መጠን እንደተሰጠ ሳያውቁ ጥርስ መንካት የለባቸውም። የክሊኒኩ መዝገብ ግን ወደ ጥርስ ክፍሉ አይተላለፍም፤ ስለ ጨረሩ የተናገርኩት እኔው ራሴ ነኝ። የማይናገር ወይም የማያውቅ ታካሚ ቢሆንስ? ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከለውን ፍሎራይድ በጥንቃቄ የሚያዝ ክሊኒክ ይህን ክፍተት መተዉ አሳስቦኛል።

ሁለተኛው የስሜት ጉዳይ ነው። መጠይቁ ስለ ድባቴ ይጠይቃል፤ «አዎ» ብሎ የመለሰ ሰው ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። የራስና አንገት ካንሰር ታካሚዎች ራስን ለማጥፋት ያላቸው ተጋላጭነት ከብዙ የካንሰር ዓይነቶች ታካሚዎች የበለጠ ስለሆነ፣ ይህ ወረፋ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ሊያጥር ይገባል። አስታማሚዎችም ምግቡን የሚፈጩትና ሌሊት የሚነቁት እነርሱ ሆነው ሳለ አንድም ጥያቄ አይቀርብላቸውም።

ክሊኒኩን ለሌሎች እመክራለሁ። ክሊኒኩን የሚመርጥ ሰው ግን ጥርሱን ከማስነካቱ በፊት የጨረር ሕክምናውን ማጠቃለያ በጽሑፍ ይጠይቅና ይዞ ይሂድ፤ ክሊኒኩ ሲጠየቅ በዚያው ቀን ይሰጣል።