ሰርች ኮንሶልን 14 ወር ተጠቀምኩበት፦ የሽሮ ሜዳ ሱቃችን ከጉግል ያገኘችው እና ያላገኘችው

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምንሸጥባት ሱቅ የእናቴ ናት። ድረ ገጹ ግን የእኔ ጣጣ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣጣ ብቻ ነበር፤ የሚገባበት ሰው የለም። ኅዳር 2017 ላይ ጉግል ሰርች ኮንሶልን ከፈትኩ። አሁን ጥር 2018 ነው። ሁለት ጥምቀት አብረን አሳልፈናል፤ ስለዚህ ልናገርበት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ለማያውቀው ሰው፣ ሰርች ኮንሶል ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠው መሣሪያ ነው። እስከ ፈረንጆቹ 2015 ድረስ ዌብማስተር ቱልስ ይባል ነበር። ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ የእናንተ ገጽ እንደወጣ፣ ስንተኛ ላይ እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንደነካው ያሳያል። ማን ከራሱ ድረ ገጽ ወደ እናንተ የሚወስድ ሊንክ እንደሰጣችሁም እዚያው ታያላችሁ። ደረጃችሁን ግን ከፍ አያደርግም። እኔ ይህ ሳይገባኝ ከፍቼው ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ለውጥ ጠብቄያለሁ። ሜትር ይለካል እንጂ አይሸምንም።

ምዝገባው ቀላል ነው። የድረ ገጹ ባለቤት መሆናችሁን ለማረጋገጥ ከጉግል የምትቀበሉትን አንዲት ትንሽ ፋይል ድረ ገጹ ላይ ትጭናላችሁ። ሌላም መንገድ አለው፣ እኔ ይህን መረጥኩ። አቦሉ ሳይቀዳ አለቀ።

መጀመሪያ ያሳየኝ ነገር አሳፈረኝ። ከዚያ በፊት በስልኬ ስፈልግ ሱቃችን አንደኛ ትወጣ ነበር። «እማዬ፣ አንደኛ ነን!» ብዬ አብስሬያት መርቃኛለች። ለካ ጉግል ያለሁበትን ሰፈርና የቀድሞ ፍለጋዬን እያየ ነበር። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ «የሀበሻ ቀሚስ» ብላ ስትፈልግ፣ ብትወርድ ብትወርድ የለንም። ሰርች ኮንሶልም ይህንኑ አረጋገጠልኝ። ከጉግል ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም የሱቁን ስም ጽፎ የሚመጣ ነበር። ማለትም ድሮም የሚያውቀን ደንበኛ።

«አማካይ ደረጃ» የሚለው ቁጥር ያን ጊዜ በጣም ያማረ ነበር። ግን በገዛ ስማችን ሲፈልጉን አንደኛ መውጣት ምን ይደንቃል? በኋላ በአዳዲስ ቃላት መታየት ስንጀምር አማካዩ ወረደ፣ የሚገባው ሰው ግን ጨመረ። አንድ ቀን ሙሉ ደንግጬ ዋልኩ። ይህን ቁጥር ለብቻው አትመኑት፤ በየፍለጋ ቃሉ ነጥላችሁ እዩት።

ለምን እንደማንታይ ያወቅኩት ዩአርኤል ኢንስፔክሽን በሚባለው ክፍል ነው። የአንድ ገጽ አድራሻ ትሰጡታላችሁ፣ ጉግል ገጹን መዝግቦት እንደሆነና እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ግማሽ ያህሉ ገጻችን «ጎብኝቼዋለሁ፣ ገና አልመዘገብኩትም» የሚል ዓይነት መልስ ነበረው። ዝርዝር ምክንያት አይሰጥም። ገጹን ራሴ ከፍቼ ሳየው ግን ገባኝ። ለቴሌግራም ቻናላችን የሠራኋቸውን ፖስተሮች እንዳሉ ለጥፌያቸው ኖሯል። ዋጋው፣ የጨርቁ ዓይነት፣ መጠኑ፣ ሁሉም ፎቶው ላይ ነው የተጻፈው። ፎቶውን ብታነሱት ገጹ ላይ የሚቀረው «ለማዘዝ ይደውሉ» ብቻ ነው። ያን ሁሉ እንደገና በጽሑፍ ለማስገባት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

አሁን ቂልነቴን ልናገር። ታኅሣሥ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ሊንክ ገዛሁ። ቴሌግራም ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ ነው፤ «በ10 ቀን 500 ሊንክ፣ ጉግል አንደኛ ገጽ» ይላል። ዋጋው የአንድ ደህና የፈትል ቀሚስ ነበር። እማዬ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሐሳቡ እንኳ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅ እና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ሳሉ በፈረንጆቹ 1998 ያስተዋወቁት ፔጅራንክ የተባለ ስሌት ሊንክን እንደ ምስክርነት ነው የሚቆጥረው። ብዙ ሰው ከመሰከረላችሁ ትታመናላችሁ፣ የተከበረ ሰው ሲመሰክር ደግሞ የበለጠ። ምስክር የሚያስከብር ከሆነ ታዲያ ምስክርነቱን የሚቸረችር አይጠፋም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ሊንክስ» የሚለው ገጽ ላይ ምስክሮቼን አየኋቸው። የቁማር ድረ ገጽ። የመድኃኒት መሸጫ። በማላነበው ፊደል የተጻፈ፣ ስለምን እንደሚያወራ እግዜር የሚያውቀው ገጽ። ከታች ጥግ ላይ «የሀበሻ ቀሚስ» የሚል ሊንክ ተሰንቅሮበታል። እማዬ ለጓደኞቿ ስታሳየው ታየኝ።

ደረጃችንስ? ንቅንቅ አላለም። ወደ ላይም ወደ ታችም። ጉግል በፈረንጆቹ 2012 ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ሲያወጣ በተገዛ ሊንክ የተሞሉ ድረ ገጾችን ቁልቁል ያወርድ ነበር። ከ2016 ወዲህ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሊንክ እንዳላየ ያልፈዋል። የእኔዎቹንም ያለፋቸው ይመስለኛል። ተቀጥቼ ቢሆን እንኳ ገንዘቤ የሆነ ነገር አድርጓል እል ነበር።

በድንጋጤ ዲስአቫው የሚባለውን መሣሪያ ልጠቀም ነበር፤ «እነዚህን ሊንኮች አትቁጠሩብኝ» ብላችሁ ለጉግል ዝርዝር የምትልኩበት ነው። የጉግል የራሱ መመሪያ ግን አብዛኛው ድረ ገጽ አያስፈልገውም ይላል። የሚያስፈልገው በጉግል ሠራተኛ እጅ የተጣለ ቅጣት ሲኖር ወይም ሊመጣ ነው ተብሎ ሲፈራ ነው። እንዲህ ያለው ቅጣት ካለ የሚታይበትን «ማንዋል አክሽን» የሚለውን ገጽ ከፈትኩ፣ ምንም ችግር አልተገኘም ይላል። ተውኳቸው። አሁንም አሉ።

ነገሩ የተለወጠው ቁጥሩን ትቼ ቃላቱን ማንበብ ስጀምር ነው። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ገጽ ሰው የጻፈውን ፍለጋ ቃል በቃል ይዘረዝራል። ከላይ ያሉትን ትቼ ወደ ታች ወረድኩ፤ አርባኛ፣ ስድሳኛ ላይ ወጥተን ማንም ያልነካን ቦታ። «የፈትል ቀሚስ እንዴት ይታጠባል»። «የፈትልና የመነን ልዩነት»። «የክርስትና ልብስ ለሕፃን»። «ለመልስ ካባ»። «ለቀሚስ ልኬት አወሳሰድ»። አንድ ማታ እማዬ ጋቢዋን ደርባ ዜና ስትጠብቅ ማንበብ ጀመርኩላት።

— «የፈትል ቀሚስ በማሽን ይታጠባል ወይ» ይላል።

— ማን ናት እንዲህ ያለችው?

— ስም የለውም እማዬ። አሜሪካ ነው የሚለው።

— ኧረ ንገራት! ማሽን ውስጥ እንዳትከተው በላት!

ስልኬን መቅጃ ላይ አደረግኩና አስወራኋት። ሃያ ደቂቃ ተናገረች። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ። አይጨመቅም፣ አይጠመዘዝም። ጥበቡ ቀለም እንደማይለቅ መጀመሪያ ጫፉን እርጥብ አድርጎ በነጭ ጨርቅ መሞከር። ጥላ ላይ ማስጣት። ሲተኮስ ገልብጦ። ፈትልን ከመነን ስለመለየትም ጠየቅኳት። «ወደ ብርሃን አንሳና እየው» አለችኝ። «ፈትል ክሩ ወፈር ቀጠን ይላል፣ በእጅ የተፈተለ ነዋ። መነን የፋብሪካ ክር ነው፣ እኩል ነው።» የሱቃችንን ልብሶች በፀሐይ ብርሃን ፎቶ አንስቼ ከንግግሯ ጋር አደረግኩት። ብዙም አላረምኩትም።

የአስተጣጠቡ ገጽ የካቲት ላይ ወጣ። ሚያዝያ ላይ ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ገባ። እንደ አያያዙ ጥምቀትንና ሰርግን ሳይጠብቅ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚያመጣልን እሱ ነው። ከታቹ ደግሞ የምንሸጣቸው የፈትል ቀሚሶች አሉ።

በመካከሉ አንድ ስንፍና ነበር። የታናሽ እህቴ ልጅ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አርባ ጽሑፍ በአንድ ከሰዓት አመረተልኝ። «የሀበሻ ቀሚስ አሥር ጥቅሞች» ዓይነት። ለጠፍኩት። ጉግል አብዛኛውን ሊመዘግበው እንኳ አልፈለገም። ደረጃ ለማግኘት ብቻ በጅምላ የሚመረት ጽሑፍን በፈረንጆቹ መጋቢት 2024 ባወጣው ደንብ በስም ጠቅሶ ከልክሎታል፤ ይህን ያወቅኩት ከለጠፍኩ በኋላ ነው። አጠፋሁት። ልጁ ተቀየመኝ።

የፊደሉ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ሀበሻ»፣ «ሐበሻ»፣ «ሃበሻ» ሪፖርቱ ላይ ለየብቻ መስመር ይዘው ይመጣሉ። «ሕፃን»፣ «ህጻን»፣ «ህፃን»ም እንደዚያው። ውጭ ያለው ወገን ደግሞ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው፣ እሱም እንደ ሰው ብዛቱ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም አጻጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደርድሬ ነበር፤ ሲነበብ የሰከረ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። አሁን በአማርኛው ገጽ ሪፖርቱ ላይ በብዛት የሚታየውን አንዱን አጻጻፍ እይዛለሁ፣ የእንግሊዝኛው ገጽ የላቲኑን ይሸከማል። አንድ መምህር ደንበኛችን «በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው» ብለው በስልክ ገሥጸውኛል። ልክ ናቸው፤ ፈላጊው ግን እንዲያ አይጽፍም።

እውነተኛ ሊንክስ? የመጡት ሳልጠይቅ ነው፣ ከአንዱ በስተቀር። አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ድረ ገጹ ላይ ስለ መልስ ልብስ ሲጽፍ የካባውን ገጽ ጠቀሰ። ውጭ አገር ያለ አንድ የማኅበረሰብ ድረ ገጽ ለክርስትና ምን እንደሚለበስ ሲያስረዳ የሕፃናቱን ልብስ ገጽ አስገባ። ሦስተኛውን ጠይቄ ነው ያገኘሁት፤ ጥለት የምትሠራልን ልጅ የራሷ ድረ ገጽ አላት፣ ሥራዋን የት እንደምትሸጥ እንድትጽፍ ለመንኳት። ሦስት ናቸው። ከ500ዎቹ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ላይ ተደርድረው ሳያቸው ሳቄ ይመጣል። ገጾቹ ከፍ ያሉት በሊንኩ ነው በጽሑፉ ብባል ለይቼ መናገር አልችልም፤ ጽሑፉ ባይኖር ግን ሊንኩም አይመጣም ነበር።

የፌስቡክና የቲክቶክ ሊንክ ሰው ያመጣል እንጂ ለደረጃ አትተማመኑበት። ብዙዎቹ «ኖፎሎው» የሚባል ምልክት አለባቸው። ምልክቱ በፈረንጆቹ 2005 የመጣ ነው፤ «ይህን እንደ ምስክርነት አትቁጠረው» እንደማለት ነው።

ወደ ጥምቀት ልመለስ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። የመጀመሪያው ዓመት የጥምቀት ቀሚሶቻችንን ገጽ ጥር 4 ላይ ለጠፍኩ። ጉግል መዝግቦ ሲያወጣው ታቦቱ ገብቶ ነበር። በኋላ ሪፖርቱን ስመለከት፣ ከውጭ የሚፈልገው ሰው ከኅዳር ጀምሮ እንደሚጨምር አየሁ፤ ዕቃው የሚላክበትን ጊዜ ያሰላል ማለት ነው። ዘንድሮ ገጹን መስከረም ላይ አደስኩት። አድራሻውን አልቀየርኩም፤ ያው የዓምናው ገጽ ነው፣ ልብሱና ዋጋው ነው አዲስ። በታኅሣሥ ከጉግል የገባው ሰው ከዓምናው አራት እጥፍ ሆነ። መነሻው ትንሽ ስለነበረ ብዙ አትደነቁ።

ጉድለቱን ሳልናገር አላልፍም። መረጃ የሚያቆየው 16 ወር ብቻ ነው። ሁለት ጥምቀት ታወዳድራላችሁ፣ ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያው የለም። ስለዚህ በየሦስት ወሩ አውርዳችሁ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጡ። ገጹ ላይ ከ1000 መስመር በላይ አያሳይም፤ ለእኛ ይተርፋል፣ ለትልቅ ሱቅ ግን ያንሳል። በጣም ጥቂት ሰው የሚጽፋቸውን ፍለጋዎች የፈላጊውን ማንነት ለመጠበቅ ይደብቃል፤ አማርኛ ላይ ይህ ያማል፣ ምክንያቱም የእኛ ፍለጋ ሁሉ ጥቂት ነው። የተሟላው መረጃ ሁለት ሦስት ቀን ይዘገያል። ከቴሌግራም የመጣውን ሰው ጨርሶ አያውቀውም። ማን እንደገዛም አይነግርም። ለዚህ እማዬ ቀላል ዘዴ አላት፤ የሚደውለውን ሁሉ «የት አገኛችሁን?» ትላለች፣ በመዝገቧ ጠርዝ ላይም «ጉ» ወይም «ቴ» ብላ ትጽፋለች።

ድረ ገጽ ለሌለውና በቴሌግራም ብቻ ለሚሸጥ ሰው ይህ መሣሪያ ምንም አይሠራለትም። ድረ ገጽ ኖሮት በሳምንት አንድ ሰዓት የማይሰጠውም ባይከፍተው ይሻላል፤ ግራፉ ያናድደዋል እንጂ። እኔ ሰኞ ማታ ነው የማየው፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ።

ባለፈው ሰኞ አንድ አዲስ ፍለጋ አገኘሁ። «የሀበሻ ልብስ ለወንድ ልጅ 2 ዓመት ስንት ቁጥር»። ስድሳ ሦስተኛ ነን። ለእማዬ አነበብኩላት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ሜትሯን ከመሳቢያ አወጣችና «የእነ ሰዓዳን ልጅ ጥራው» አለችኝ። ልጁ ብስኩቱን እንደያዘ መጣ። ትከሻውን ለካች፣ ደረቱን ለካች። ቁመቱን ልትለካ ስትል ሮጠ።