ለቤት የሚሆን የትኩሳት መለኪያ፦ የሜርኩሪ፣ የዲጂታልና የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ንጽጽር

ለቤቱ ቴርሞሜትር ሊገዛ ወደ ፋርማሲ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ይሁን እንጂ የሜርኩሪው ብርጭቆ፣ በብብት የሚያዘው ዲጂታልና ከግንባር ፊት የሚደገነው ኢንፍራሬድ ከዋጋቸው ይልቅ በአለካካታቸው ስለሚለያዩ፣ ምርጫው መነሣት ያለበት ከዚያ ነው።

በሜርኩሪው ውስጥ ያለው፣ በአማርኛ ባዜቃ የምንለው ፈሳሽ ብረት፣ ሲሞቅ መጠኑ ስለሚጨምር በቀጭኑ ቱቦ ሽቅብ ይወጣል፤ በቱቦው ግርጌ ያለው ጠባብ አንገት ደግሞ ቴርሞሜትሩ ከብብት ከወጣ በኋላ ፈሳሹ ተመልሶ እንዳይወርድ ያግደዋል። ከመለካት በፊት በኃይል የሚራገፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ንባቡም የታመነ ነው፤ ነገር ግን በብብት እስከ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ቢሰበር ደግሞ ሜርኩሪው በወለል ስንጥቅ ገብቶ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ይተናል፣ ትነቱም ነርቭን ይጎዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና በጃፓኗ ሚናማታ ከተማ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ስምምነት የእነዚህ ቴርሞሜትሮች ምርትና ንግድ በ2020 እንዲያበቃ የወሰነው ስለዚህ ነው። ዛሬ በርካሽ ቢገኝ እንኳ ልጆች ላሉበት ቤት አልመክረውም።

ዲጂታሉ ጫፉ ላይ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ ተቃውሞዋ የሚቀንስ ትንሽ አካል አለችው፤ መሣሪያው ይህን ለውጥ ወደ ዲግሪ ይተረጉመዋል። የደህናዎቹ ስሕተት ከ0.1 ዲግሪ ሴልሺየስ እምብዛም አይበልጥም። ማሸጊያው ላይ «በ10 ሰከንድ» የሚል ካለ፣ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ሙቀቱ የሚወጣበትን ፍጥነት ተመልክቶ መድረሻውን አስቀድሞ ያሰላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ከብብት ቆዳ ጋር በደንብ ካልተጣበቀ ስሌቱም ይሳሳታል። የብብት ንባብ ከሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ዝቅ ስለሚል፣ በጤና ተቋማት በሕፃናት ላይ በብብት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንደ ትኩሳት ይቆጠራል።

ኢንፍራሬዱ ሰውነትን ሳይነካ ከቆዳ የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ይቀበላል። ችግሩ የሚያየው የቆዳን ገጽ ብቻ መሆኑ ነው፤ ውስጣዊውን ሙቀት የሚገምተው በራሱ ማስተካከያ ነው። ከፀሐይ የገባ፣ ላብ ያለበት ወይም ብርድ የመታው ግንባር ንባቡን ያዛባል፤ ስለዚህ በቤት ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል መቆየት ያስፈልጋል። በኮሮና ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ በር ግንባር ትቶ የእጅ አንጓ መለካት ተለምዶ ነበር፤ ለግንባር የተስተካከለ መሣሪያ ከአንጓ ላይ የሚሰጠው ቁጥር ግን የሚያስተማምን አልነበረም። በጆሮ የሚለካው ዓይነት ወደ ውስጣዊው ሙቀት የተሻለ ይቀርባል፤ ሆኖም የጆሮ ቀዳዳቸው ጠባብ ለሆነ፣ ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም።

ገዢ በተለይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ለማሽንና ለምድጃ የተሠራውን ሽጉጥ መሳይ ኢንፍራሬድ ነው። መልኩ ከሕክምናው ጋር ይመሳሰላል፣ ስሕተቱ ግን እስከ 2 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጤነኛውን ከታማሚው የሚለየውም ከዚያ ያነሰ ነው። ማሸጊያው ላይ የመለኪያ ወሰኑ እስከ መቶዎች ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ ለሰው አልተሠራም።

አንድ ብቻ ለሚገዛ ቤተሰብ ጫፉ የሚተጣጠፈውን ዲጂታል እመርጣለሁ፤ የኢንፍራሬዱ ጥቅም የተኛ ልጅን ሳይቀሰቅሱ በሌሊት መከታተል ስለሆነ፣ አቅም ሲኖር በሁለተኛነት ቢገዛ ይበቃዋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው መሣሪያ ካለ ደግሞ በፋራናይት ሊያነብ ስለሚችል፣ 100.4 የሚል ቁጥር ሲታይ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑን ማወቅ ከድንጋጤ ያድናል፤ አብዛኞቹም ቁልፋቸው ለጥቂት ጊዜ ሲጫኑት ወደ ሴልሺየስ ይቀየራሉ።