ለመንቀል የማይቸኩል የጥርስ ክሊኒክ በደብረ ብርሃን

እኛ ሰሜን ሸዋ ጥርስ ሐኪም ጋ የሚኬደው አብዛኛውን ጊዜ ለማስነቀል ነው። እስከዚያ ድረስ ሕመሙ በቅርንፉድ ይታለፋል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ የሚይዝበትም አለ፤ እሱ ግን ድድ ያቃጥላል። ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋ ሰውየው ጠዋት ተነስቶ «ንቀሉልኝና ልገላገል» ይላል። ብዙ ቦታም ሳያቅማሙ ይነቅሉለታል።

ዛሬ የምጽፍለት ክሊኒክ እንደዚያ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ፎቅ ላይ ነው ያለው። ስሙን የተውኩት ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። እኔ፣ ልጄና እናቴ ታክመንበታል።

በእናቴ ልጀምር። የምትኖረው መንዝ ነው። ገብስ ቆሎ ሳትቆረጥም የምትውልበት ቀን የለም። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ሲያማት ሰንብቶ ጉንጯ አብጦ መጣች። ዶክተሯ ወጣት ናት። መጀመሪያ ራጅ አነሳቻትና ፊልሙን አሳየችን። ከጥርሱ ሥር ጫፍ ላይ የጠቆረ ቦታ ነበር፤ ኢንፌክሽኑ አጥንቱን የበላበት ነው አለችን።

«እናቴ፣ የሞተው ነርቩ ነው። ጥርሱ ግን ይተርፋል።»

«ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ጥርስ ምን አስጨነቀሽ? ንቀዪውና ልሂድ።»

«ከነቀልኩት ጎረቤቱ ወደ ባዶው ቦታ ይጋደማል። ከላይ ያለውም ቀስ እያለ ይወርዳል። ቆሎውን የሚቆረጥሙት በየትኛው በኩል ነው?»

እናቴ በእጇ ያንኑ በኩል አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ስለ መንቀል አልተነሳም።

ሕክምናው ሩት ካናል ይባላል። በማደንዘዣ ካደነዘዘች በኋላ ጥርሱን ከላይ ከፈተችው። የሞተውን ነርቭ በቀጫጭን መሣሪያ እየጠረገች አወጣች፣ ሥሩን አጠበች፣ መድኃኒት አድርጋ ለጊዜው ደፈነችው። በቀጠሮ ስትመለስ ሥሩ እስከ ጫፉ ተሞላ። በመጨረሻ ክራውን የሚሉት ሽፋን ይደረግበታል፣ ነርቩ የወጣለት የኋላ ጥርስ ሲያኝኩበት ሊሰነጠቅ ስለሚችል። ብዙ ሰው ሕመሙ ሲጠፋለት ቀጠሮውን ይተዋል። ጊዜያዊው ሙሌት ይሸረፍና ኢንፌክሽኑ ይመለሳል፤ ያኔ በእርግጥ መነቀል ይመጣል። ይሄንን ሳትደብቅ ነገረችን። መንዝ ሩቅ መሆኑን አይታም ቀጠሮዎቹን አቀራርባ ሰጠችን። ይቺ ነገር ልቤን ነክታኛለች።

ዋጋው ከመንቀል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠቅላላ ሂሳቡን ይነግሩሃል፣ በየቀጠሮውም ከፋፍለው ይቀበሉሃል።

እኔ የሄድኩት ለእጥበት ነበር። ስቦርሽ ድዴ ይደማል። ሰው ድዱ ሲደማ መቦረሹን ያቆማል፣ ይሄኔ ይብስበታል። የሚያደማው ድዱ ሥር የሚከማቸው ቆሻሻ ነው። ካልተጠረገ ይጠጥርና ድንጋይ ይሆናል፤ ያን ደግሞ ብሩሽ አያነሳውም። እነሱ ውኃ በሚረጭ፣ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ፈረፈሩልኝ። የታችኛው የፊት ጥርሴ ጀርባ ላይ የነበረውን ሳይ ደነገጥኩ። ድድ መድማት በጊዜ ከተያዘ ሙሉ በሙሉ ይድናል። አጥንቱን መብላት ከጀመረ ግን የጠፋው አጥንት በእጥበት አይመለስም፤ ባለበት እንዲቆም ብቻ ነው የሚደረገው።

«እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል» የሚባለውን ዶክተሯን ጠየቅኳት። ጥርሱ ድሮውኑ አጥንቱ ተበልቶ ላልቶ ነበር፣ ድንጋዩ ይዞት ሲቆይ መላላቱ አልታወቀም ነበር አለችኝ። ከእጥበት በኋላ ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛል። የደብረ ብርሃንን የጠዋት የቧንቧ ውኃ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ ለብ አድርጋችሁ ተጉመጥመጡ።

አስተማሪ ስለሆንኩ የልጆቹን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይነቀል ስለሚወጣ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ሲበሳም «ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል» ይባላል። አይተካም፤ ዕድሜ ልክ የሚኖር ቋሚ ጥርስ ነው። ክፍሌ ውስጥ ይህ ጥርሳቸው ጠቁሮ የተቦረቦረ ልጆች አያለሁ፣ አንጀቴን ይበላኛል። የልጄ ቀዳዳ ገና ትንሽ ሳለ ስለተገኘ የበሰበሰውን ጠርገው፣ ጥርስ የሚመስል ሙሌት አድርገው በሰማያዊ ብርሃን አደረቁለት። ሳያለቅስ ወጣ።

እናቴ የወይራ መፋቂያዋን ጥላ መጥታ አታውቅም። ዶክተሯ አላጣጣለችባትም። ጫፉን በደንብ አኝካ እንድታለሰልሰው፣ ድዷን ሳትፍቅ ከድድ ወደ ጥርስ እንድትጠርግበት አሳየቻት። ማታ ግን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እንድትቦርሽ፣ ከዚያም አረፋውን ተፍታ በውኃ እንዳትጉመጠመጥ መከረቻት። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ መቆየት አለበት።

ንጽሕናቸውን ወድጄዋለሁ። መሣሪያው የታሸገበትን ከረጢት ዓይናችሁ እያየ ነው የሚቀድዱት። ሌላ ቦታም ስትታከሙ ይሄንን ጠይቁ፣ ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

የማልወድላቸውም አለ። መጠበቂያው በረንዳ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ነው፤ በዚያ ብርድ ለአዛውንት ይከብዳል። መብራት ሲጠፋ ራጅ የለም፣ ቀጠሮ ይተላለፋል። አስቀድመው ደውለው ቢነግሩን ምን ነበረበት? ክራውኑም አዲስ አበባ ተሠርቶ ስለሚመጣ እናቴ ከጠበቀችው በላይ ቆይታለች።

መሄድ ያሰበ ሰው ከቅዳሜ ውጪ፣ በጠዋት ቢሄድ ይሻላል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው አይቻልም። የቆየ ራጅ ካላችሁ ያዙት። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት የሚወስደውን መድኃኒት ይዞ ይሂድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ገና ስትገባ ትንገራቸው። ማደንዘዣውንም ራጁንም በዚያ መሠረት ነው የሚወስኑት።