ቤት ድረስ መጥቶ «የሚከትብ» ሰው ካጋጠማችሁ ብራችሁን ያዙ

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ዑምራ ይሁን ዱባይ ይሁን ኩዌት፣ ለመሄድ የምትሰናዱ ካላችሁ ይህቺን አንብቡ። «ቢጫ ወባም ማጅራት ገትርም በ4,500 ብር፣ ሰልፍ የለ፣ ቤት ድረስ እንመጣለን» የሚል ሰው ካገኛችሁ እንዳትከፍሉ። እኛ ከፍለናል።

አክስቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፣ 63 ዓመቷ ነው። በ2017 ከረመዳን በፊት ዑምራ ልታደርግ ቲኬት ቆረጥንላት፣ በረራው ጥር 27። ክትባቱ ትዝ ያለን ሳምንት ሲቀረው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወረቀቱን ሁሉ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ተጣድፌ ስጠይቅ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጉዳይ የሚያስፈጽም አንድ ልጅ አገናኙኝ። «አብሽር ወንድሜ፣ ለኔ ተወው» አለኝ። ተውኩለት።

ጥር 20 ከሰዓት በኋላ መጣ። ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ በሶፍት የተጠቀለሉ ሁለት ሲሪንጆች አወጣ። ቀድመው የተቀዱ። ብልቃጥ የለ፣ በረዶ የለ፣ ጓንት የለ። አንዱን ተቀብዬ ያዝ ሳደርገው ሞቅ ብሏል፣ የኪስ ሙቀት። «ይሄ ነገር ፍሪጅ ውስጥ አይደል እንዴ የሚቀመጠው?» አልኩት። «አሁን ከደሴ መምጣቴ ነው፣ ደሴ ራሷ ፍሪጅ አይደለች እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው። «አብሽሪ እናቴ» እያለ ግራና ቀኝ ክንዷን ወጋት። ስለ ዕድሜዋ አልጠየቀ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ አላለ። ካርዶቹን ሰጥቶን፣ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

ማታ ነርስ የሆነች ጎረቤታችን መጣችና ካርዶቹን አየቻቸው። የባች ቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። የአምራቹ ስም የለም። ማህተሙ ሰማያዊ ጭጋግ ነው፣ የየትኛው ተቋም እንደሆነ አይነበብም። ቀኑ ደግሞ «12/5/17» ይላል። የተወጋችው ጥር 20፣ የተጻፈው ጥር 12! ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቢጫ ወባ ካርድ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ለማጅራት ገትርም ሳዑዲ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ እንድትከተቡ ትፈልጋለች። ሌብነቱስ ይሁን፣ እንዴት ሌባ ሆኖ ይሄን አያውቅም? ቢጫው ካርድ በፈረንጆች ቀን ነው የሚሞላው፣ ወሩም በፊደል ይጻፋል። ጅዳ ያለው ሰውዬ «12/5/17» ሲያይ የሚያነበው የ2017ን ሜይ ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። የማጅራት ገትር ክትባት እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ነው ተቀባይነት ያለው። በልጁ ካርድ ከሄድን የአክስቴ ክትባት ገና ሳትነሳ አልፎበታል።

ነርሷ ግን ካርዱን አስቀምጣ «መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ አይታችኋል?» አለች። ዝም አልን። እንደነገረችን፣ የቢጫ ወባ ክትባት ደረቅ ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ነው የሚመጣው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፣ በራሱ ፈሳሽ ይበጠበጣል፣ ከተበጠበጠ በኋላም በቅዝቃዜ ተይዞ ቢበዛ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል። ውስጡ ያለው የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው፣ ሙቀት ያበላሸዋል። እንግዲህ አክስቴ የተወጋችው ክትባት ይሁን ውሃ፣ አላህ ይወቀው። መርፌው ከማን ክንድ እንደመጣም እንደዚሁ። የጉበትና የኤችአይቪ ምርመራ አደረግን፣ ከጊዜ በኋላም ተደገመ፣ አልሐምዱሊላህ ነፃ ናት። ውጤቱን እስክንሰማ ግን ቤታችን እንቅልፍ አልነበረም።

በረራውን በቅጣት አራዘምን። አዲስ አበባ ወስጃት ፈቃድ ያለው ቦታ እንደ አዲስ ተከተበች። እዚያ ሐኪሙ መርፌ ከመንካቱ በፊት ጥያቄ በጥያቄ አደረጋት፣ እንቁላል ይስማማሽ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስጂ፣ ካንሰር ታክመሽ ታውቂ እንደሆነ። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው፣ ብርቅ ቢሆንም፣ ከባድ ጉዳት የማግኘት ዕድሉ ከወጣቱ ከፍ ይላል። መከተብ የማይችል ሰው ሐኪም ማስረጃ ይጽፍለታል፤ የሚሄድበት አገር ይቀበለው እንደሆነ ግን ቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ሌላም አለ። ያው ልጅ ለጎረቤታችን «ቢጫ ካርድሽ 10 ዓመት ሞልቶታል፣ ተቃጥሏል» ብሏት ሊያሳድስላት ነበር። ውሸት ነው። ከሐምሌ 2008 ጀምሮ የቢጫ ወባ ካርድ የዕድሜ ልክ ነው፣ ከዚያ በፊት የተሰጠውም ጭምር። በሥርዓቱ የተሞላ ካርድ ካላችሁ ለማንም ምንም አትክፈሉ። የት መከተብ እንዳለባችሁም ደላላ ሳይሆን ጤና መምሪያ ጠይቁ።

ልጁ ስልክ አያነሳም። ብሩም አልተመለሰም። እኔ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቻለሁ፣ አክስቴ ደግሞ መካ ደርሳ ዱዓ አድርጌለታለሁ ትላለች።