ካሲዮ 991 ኢኤስ ፕላስ፦ በትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች ላይ ምን ያህል ይታመናል?

ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይህን ካልኩሌተር የምትገዙ ሁሉ፣ ሒሳብ ሳትከፍሉ በፊት "ፕላስ" የሚለው ቃል መኖሩን እዩ። ያለ ፕላስ የነበረው የቀድሞው ኢኤስ፣ ቁጥርን ወደ ብቸኛ አብዢዎቹ የሚበትነው "ፋክት" የለውም። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ እሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቁጥሩን ጻፉ፣ እኩል ይሆናልን ተጫኑ፣ ከዚያ ሺፍትና የዲግሪ-ደቂቃ ቁልፉን። 532 ስታስገቡ 2²×7×19 ይላችኋል፤ በባሕረ ሐሳብ (በበዓላትና በአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት) የዓመታት ዑደት የሆኑት ንዑስ ቀመር 19፣ ማዕከላዊ ቀመር 76፣ ዐቢይ ቀመር 532 እንዴት እንደሚያያዙ በአንድ መስመር ይታያል። ለባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግር የሚመጣው ቅንፍ ሲወጣ ነው። ፋክት የሚቀበለው እስከ 10 አኃዝ ነው፤ የሚፈልገውም እስከ ሦስት አኃዝ ያላቸውን አብዢዎች ብቻ ነው። ያልበተነውን በቅንፍ ያስቀምጠዋል። 4104676 ሲገባ 2²×(1026169) ይወጣል፤ ቅንፉ ውስጥ ያለው ግን 1013² ነው። 2³²+1፣ ማለትም 4294967297፣ 641×(6700417) ይሰጣል፤ እዚህ በቅንፉ ያለው ብቸኛ ቁጥር ነው። ሁለቱ ቅንፎች በመልክ አይለያዩም። ስለዚህ ቅንፍ ያለበትን መልስ እንደ መጨረሻ አትቁጠሩት፣ በተለይ ፈተና ላይ።

ሁለተኛውን ማረጋገጥ ደግሞ ደስ ይላል። 641ን የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ነው ያገኘው። የ2³²+1 ብቸኛ አብዢዎች ሁሉ ለ128 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል። የ6700417 ስኩዌር ሩት 2588 ገደማ ነው፤ ሦስት አኃዝ ያላቸውን ካልኩሌተሩ ጨርሷቸዋል፤ የሚቀሩት 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። ስታካፍሉ 5811.28… እና 4755.44… ይመጣል። አለቀ።

ከ10 አኃዝ በላይ የሆነው መጨረሻው ይደበቃል። 2³⁴ን 1.717986918×10¹⁰ ብሎ ያሳያል፤ ከመልሱ ላይ 1.7×10¹⁰ን ቀንሱ፣ 179869184 ይወጣል። ሙሉው 17179869184 መሆኑን በዚህ ታውቃላችሁ።

ቀሪ የሚያወጣ ቁልፍ የለውም፤ ይህ ያሳዝናል። በክፍልፋይ ግን ይቻላል። ለ2018 ዓ.ም. የባሕረ ሐሳቡ ዓመተ ዓለም 5500+2018=7518 ነው። 7518÷19 ብላችሁ ሺፍትና ኤስዲ ስትጫኑ 395 ከ13/19 ይላል፤ መደቡ (ቀሪው) 13፣ ወንበሩ (ከመደቡ አንድ ሲቀነስ) 12 ነው። 19 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ሳያልቅ የቀረው ክፍልፋይ በምንም አይቃለልም። በ30 ስታካፍሉ ግን ተጠንቀቁ። አበቅቴ ማለት ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፦ 12×11=132፣ 132÷30 ደግሞ 4 ከ2/5 ብሎ ያሳያል። ካልኩሌተሩ 12/30ን አቃልሎታል፤ አበቅቴው 12 እንጂ 2 አይደለም። ወንበሩ በ19 በሚባዛበት በመጥቅዑም 12×19=228፣ ለ30 ሲካፈል 7 ከ3/5 ይወጣል፤ ትክክለኛው 18 ነው። ሁለቱን ደምሯቸው፦ 12 እና 18 ሠላሳ ይሞላሉ፣ 2 እና 3 አይሞሉም።