የአባዬን ልብ ጥርት አድርጎ ላነሳልን ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ጎረቤቶች፣ በተለይ የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬና የአቃቂ ሰዎች። ጥሩ ባለሙያ ሲገኝ ለራስ ደብቆ መያዝ አልወድም፣ ስለዚህ ልጽፍ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባዬ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘው ጀመር። የልብ ምቱን በወረቀት የሚያወጣው ኢሲጂ ደህና፣ ልብ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው ትሮፖኒንም ደህና። የልብ ሐኪሟ ግን አልተዋጠላትም፣ «የልቡን ደም ስሮች በሲቲ ስካን እንያቸው» አለች። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ (ስሙን አልጠራም) ገና እንደገባን አስተኙት፣ ደም ስሩ በምስሉ እንዲታይ የሚወጋውን ቀለም ወጉት፣ አንስተው ሸኙን። ውጤቱ ሲመጣ «ልብ በመንቀሳቀሱ ምስሉ ግልጽ አይደለም» ይላል። ብራችን ውሃ በላው። አባዬ «እና ልቤ ይቁምላቸው ወይ?» ብሎ ሳቀ፣ እኔ ግን በግኜ ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ጋ የምትሰራ ነርስ ወደዚህ ልጅ ላከችን። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ስትሄዱ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ የምርመራ ማዕከል ውስጥ የሚሰራ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነው። ታካሚው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም ሳይሰለች «ዶክተር አይደለሁም» እያለ ያርማል።

የልጁ ስራ ማሽኑ ጋ አይደለም የሚጀምረው። ዋዜማውን ማታ ደወለልን። «አባባ ከአሁን ጀምሮ ቡና እንዳይቀምሱ» አለኝ። በረካ ሳይጠጣ ከቤት ለማይወጣው ለአባዬ ይሄን መንገር የእኔ ዕዳ ሆነ እንግዲህ። ቡና የልብ ምት ያፈጥናል፣ ልብ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ይሄን ያኔ ነው የሰማሁት። የኩላሊት ምርመራ ውጤት፣ ክሬቲኒኑን፣ ይዘን እንድንመጣ ነገረን፤ የሚወጋው ቀለም አዮዲን ያለበት ነው፣ የሚወጣውም በኩላሊት ነው። አለርጂ እንዳለበት፣ የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ይወስድ እንደሆነ ጠየቀ። ዋጋውንም ከነቀለሙ ጠቅልሎ ነገረን፣ እዚያ ስንደርስ አንዲት ብር አልጨመረም።

በነጋታው ሲለካ የአባዬ ምት 84 ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቢሆኑ ወዲያው ያስገቡት ነበር። ይሄ ልጅ ግን የታዘዘለትን ሜቶፕሮሎል፣ የልብ ምት የሚያቀዘቅዘውን ክኒን፣ ሰጥቶ አስቀመጠው፣ ምቱ ወደ 60 እስኪጠጋ ድረስ። ከኋላችን ወረፋ ተሰልፏል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ በሩን እየከፈተች ታፈጥበታለች፣ እሱ ወይ ፍንክች! በመሃል ትንፋሽ ያለማምደዋል። «አባባ አየር ይሳቡ… አሁን ይያዙ…» አባዬ ያዝ ሲባል ጉንጩን እንደ ጡሩምባ ነፊ ይነፋል። ልጁ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ ሆዱ ጸጥ እስኪል ድረስ፣ «ጉንጭዎን ይተዉት፣ ዝም ብለው ይያዙ» እያለ ደጋገመለት። ማሽኑ ላይ ሲወጣ አባዬ ለምዶት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ደም ስሩን ሰፋ የሚያደርግ ናይትሮግሊሰሪን ምላሱ ስር ከመስጠቱ በፊት እኔን «እስቲ አንዴ ውጪ ጠብቂ» አለኝ። ምን እንደጠየቀው አባዬ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፣ ግን ገብቶኛል። ያቺን የወንዶች ክኒን የዋጠ ሰው ናይትሮግሊሰሪን ቢጨመርበት የደም ግፊቱ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። ልጅ ፊት አለመጠየቁን ወደድኩለት።

ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። «ምን ታየ?» ብዬ ብወተውተውም «እኔ አነሳለሁ እንጂ አላነብም፣ የሚያነበው ሌላ ነው» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ውጤቱ ሲነበብ፣ በልብ ፊት ለፊት በሚወርደው ትልቁ ደም ስር ላይ ያለው ጥበት ከግማሽ በታች ነው። እልል ልንል ስንል ሐኪሟ «ቆይ» አለችን።

ነገሩ ጥበቱ ብቻ አይደለም ለካ። ግድግዳው ውስጥ የተጠራቀመው ስብ፣ ፕላክ የሚሉት፣ የአባዬ ለስላሳ ነው፣ ደም ስሩንም ወደ ውጪ ገፍቶታል። ለመፈንዳት የሚቀርበው እንዲህ ዓይነቱ ነው አለችን። ስቡን ከደሙ የሚለየው ሽፋን እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ይቀደዳል፤ ውስጡ ያለው ከደም ጋር ሲገናኝ ደሙ እዚያው ይረጋል፣ መንገዱም ይዘጋል። ትናንት ደህና ነበር የተባለ ሰው ዛሬ ሃርት አታክ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ ያውም ያን ያህል ባልጠበበ ቦታ ላይ። የተለመደው አንጂዮግራፊ (ቱቦ አስገብቶ ቀለም እየረጩ በራጅ የሚነሳው) ደግሞ ደሙ የሚሄድበትን መንገድ እንጂ ግድግዳውን አያሳይም።

አደገኛ የሚባለው ሽፋን ከ65 ማይክሮሜትር በታች የሳሳው ነው። ይሄን ሲቲ ስካን አያየውም፣ የእሱ ዓይን ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል፤ ከምልክቶቹ ነው የሚገመተው። ሽፋኑን ራሱንና የተቀደደበትን ቦታ የሚያሳየው ኦሲቲ የሚባለው ነው። ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ገብቶ፣ ደሙን ለጥቂት ሰከንድ በቀለም ገፋ አድርጎ፣ በብርሃን ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ድረስ ለይቶ ያያል። ለአባዬ እዚያ ድረስ መሄድ አላስፈለገም፣ ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዘው ስቴንትም አልገባለትም። ስታቲን፣ አስፕሪን፣ የግፊት መድኃኒት፣ በቃ። ስታቲኑ ኮሌስትሮል ከመቀነስ አልፎ ያንን ሽፋን በጊዜ ብዛት ያወፍረዋል።

ይሄ ሁሉ የታየው ምስሉ ስላልተንቀጠቀጠ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የሚያክል ነገር ልብ ትንሽ ብትዘል ድራሹ ይጠፋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የስኮትላንድ ጥናት አለ፣ የደረት ሕመም ያለባቸው 4,146 ሰዎች የተካተቱበት። በ5 ዓመት ውስጥ በልብ ደም ስር በሽታ የሞቱት ወይም ሃርት አታክ ያገኛቸው፣ ከተለመደው ምርመራ በላይ ሲቲ ከተጨመረላቸው 2.3 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው 3.9 በመቶ ናቸው። ፎቶው ራሱ አያድንም፣ መድኃኒቱ ለሚገባው ሰው በጊዜ እንዲታዘዝ ያደርጋል እንጂ።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው፣ እጅህ ይባረክ። አባዬም «ያ ትንፋሽ ያዥ ልጅ» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ያወራልሃል።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቦታው ምቾት የለውም። ወንበሩ አይበቃም፣ መግቢያው በክረምት ጭቃ ነው፣ ወረፋውም እሱ ሰው ስለማያቻኩል ይረዝማል። ስሙን በአደባባይ አትጻፊ ስላለኝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ግን አትሂዱ፣ አያነሳችሁም። ደረቱን አሁን የያዘው፣ የሚያልበውና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ደግሞ ቀጠሮ ሳይል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ከኮዬ ፈጬ የምትመጡ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ የቃሊቲን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ክሬቲኒኑንም አትርሱ።