ለእናትና አባት የጉዞ ኢንሹራንስ፦ ባለ ሠንጠረዡ ወይስ ባለ ፐርሰንቱ?

«እናቴ ልትመጣ ነው፣ ርካሽ ኢንሹራንስ ጠቁመኝ።» በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ይህንኑ ጠየቁኝ። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከምደግመው እዚህ ልጻፈው። መልሴን ከአሁኑ ልናገር፦ ተጓዡ 65 ዓመት ካለፈው ባለ ፐርሰንቱን ግዙለት።

ባለ ሠንጠረዥ የምለው ለእያንዳንዱ ሕክምና የራሱን ጣሪያ ያስቀመጠውን ነው። ሐኪም ለማየት ይህን ያህል፣ ለአንድ ሌሊት አልጋ ይህን ያህል፣ ለቀዶ ጥገና ይህን ያህል እያለ ይዘረዝራል። ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ ከጠየቀ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ባለ ፐርሰንቱ ደግሞ መጀመሪያ የተወሰነ ገንዘብ ከኪሳችሁ ያስከፍላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሂሳብ 80 ወይም 100 ፐርሰንት ይሸፍናል፣ እስከ ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ጠቅላላ ጣሪያ ድረስ።

ለእናቴ የገዛሁት ባለ ሠንጠረዡን ነበር። ዋጋው ከሌላው ከግማሽ በታች ስለነበር ብዙም አላሰብኩበትም። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን የሽፋን መጠን አየሁና ይበቃል አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ አምስት ሌሊት ተኛች፣ ከዚያም ፊዚዮቴራፒ መጣ። ካሳ ስንጠይቅ ያ ትልቅ ቁጥር ከቁም ነገር አልገባም፤ ሠንጠረዡ ብቻ ነው የተቆጠረው። የተከፈለን የሂሳቡን ሲሶ እንኳ አልሞላም። ቀሪውን ከወንድሞቼ ጋር ተካፍለን ስንከፍል ስምንት ወር ፈጀብን። እማዬ ያን ጊዜ ሁሉ «ምነው ባልመጣሁ ኖሮ» ትል ነበር፤ ከገንዘቡ በላይ ያመመኝ እሱ ነው።

«ባለ ፐርሰንቱ ግን ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ግን ዋጋውን ማውረጃ መንገድ አለው። መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለውን መጠን ከፍ ስታደርጉት የኢንሹራንሱ ዋጋ ይወርዳል። ለአባቴ ስገዛ ይህን መጠን አራት እጥፍ አሳደግኩት፣ ዋጋው በሲሶ ገደማ ቀነሰልኝ። ለጉንፋንና ለሆድ ቁርጠት ራሴ ብከፍል ቤቴ አይፈርስም። የሚያፈርሰው ቀዶ ጥገናና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፣ ኢንሹራንስ የምገዛውም ለእሱ ነው።

ዕድሜውንም ተጠንቀቁ። ዋጋው በየዓመቱ በጥቂቱ አይደለም የሚጨምረው፤ 65፣ 70፣ 75፣ 80 ላይ እየዘለለ ነው የሚሄደው። 80 ካለፈ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች የሽፋኑን ጣሪያ ራሱን በጣም ዝቅ ያደርጉታል። ልደታቸው ከደረሰ ዕድሜ የሚቆጠረው በተገዛበት ቀን ነው ወይስ በጉዞው መጀመሪያ ቀን ብላችሁ ጠይቁ፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት ብዙ ገንዘብ ሊተርፍላችሁ ይችላል። ሌላው፣ ቤተሰቡ በአንድ ፖሊሲ ሲገባ አንዳንዴ የሁሉም ዋጋ በትልቁ ሰው ዕድሜ ይሰላል። ለየብቻ የተገዛውንም አስልታችሁ አወዳድሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ነባር በሽታ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመገዛቱ በፊት የነበረ በሽታ። ደም ግፊት ወይም ስኳር የሌለበት ሽማግሌ ስንት አለ? ርካሾቹ ይህን ጭራሽ አይሸፍኑም። አንዳንዶቹ «ነባሩ በሽታ በድንገት ሲነሳ ብቻ» ይላሉ፣ እሱም ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ሊቀር ይችላል። የሚሸፍኑትም ቢሆኑ በሽታው ከጉዞው በፊት የተረጋጋ እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ለምሳሌ ለ90 ወይም ለ180 ቀን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ የእናታችሁን የግፊት መድኃኒት መጠን ከቀየረው፣ ቢቀንሰው እንኳ፣ «አልተረጋጋም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን የሐኪም ማዘዣ ይዛችሁ ነው ፖሊሲውን ማንበብ ያለባችሁ። ዋጋ እንዲቀንስ ብላችሁ በሽታ አትደብቁ። ካሳ ሲጠየቅ ኩባንያዎቹ የተጓዡን የሕክምና ታሪክ ያስመጣሉ፣ የተደበቀ ነገር ከተገኘ የከፈላችሁት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

ለቪዛ ብቻ የሚገዛውም ሌላ ጣጣ ነው። ለሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው) ቢያንስ 30,000 ዩሮ፣ ለካናዳ ሱፐር ቪዛ (ወላጆችና አያቶች ልጆቻቸው ጋ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ የሚሰጠው) ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር ሽፋን ይጠየቃል፣ የካናዳው ደግሞ ለአንድ ዓመት የሚሆን። እነዚህ ቁጥሮች ቪዛውን ለማግኘት ነው የሚረዷችሁ፤ የእናታችሁን የልብ ሕመም ይሸፍናል ማለት አይደለም። ቪዛው ከተከለከለ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ።

ከደላላ በጣም ርካሽ ወረቀት ካገኛችሁ ደግሞ ቶሎ አትደሰቱ። የአንድ ዘመዴ አባት የያዙት ወረቀት ማኅተም ያለው፣ ያማረ ነበር። ቁጥሩ ግን በኩባንያው መዝገብ ውስጥ የለም። ይህ የታወቀው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። የፖሊሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ራሳችሁ ኩባንያው ጋ ደውሉ። የምትደውሉበትንም ቁጥር ከወረቀቱ ላይ አትውሰዱ፣ ከኩባንያው ከራሱ ፈልጋችሁ አግኙት።

ባለ ሠንጠረዡን ፈጽሞ አትግዙ አልልም። 50 ዓመት ያልሞላው፣ ጤነኛ፣ ለአሥር ቀን የሚሄድ ሰው ቢገዛው አልቃወምም። ለ72 ዓመት እናት ግን አልገዛውም።

ከገዛችሁ በኋላ የድንገተኛ ጊዜ ስልኩንና የፖሊሲ ቁጥሩን በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቱላቸው። ብዙ ኩባንያ ሆስፒታል ከመተኛታቸው በፊት፣ ካልሆነም ወዲያው እንደገቡ እንዲደወልለት ይፈልጋል፣ ካልተደወለ ክፍያውን ሊቀንስ ይችላል። እናቴ አሁን ስትጓዝ ወረቀቱ ከመነጽሯ ማኅደር ውስጥ አይጠፋም።